የጅራታም ኮከብ ምሕዋርና ድምቀት፦ ስሌትና ምልከታ የሚለያዩበት ቦታ



አዲስ ጅራታም ኮከብ መገኘቱ በተሰማ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ አንደኛው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚደምቅ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን ጥያቄ በደንብ ለታወቀ ጅራታም ኮከብ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት ቀኑን ጠቅሰው ይመልሳሉ፤ ሁለተኛውን ግን ለሚቀጥለው ወር እንኳ በርግጠኝነት መመለስ የሚያቅታቸው ጊዜ ብዙ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ማስረዳት፣ እንዲሁም ጥያቄዎቹ ለየቅል ቢመስሉም ሁለቱም በስተመጨረሻ የሚያደርሱት ወደ አንድ ጉዳይ፣ ማለትም የፀሐይ ሙቀት ሲያገኘው ወደሚተነው በረዶ፣ መሆኑን ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ከሰማይ ላይ የተለካ ቦታ እንዴት ምሕዋር እንደሚሆን፣ ቀጥሎ ስሌት ከምልከታ በጥቂት ቀናት ወይም ሰዓታት ሲዛነፍ ያ መዛነፍ ምን እንዳስተማረ፣ በመጨረሻም ድምቀት እንዴት እንደሚለካና ትንበያው ለምን እንደሚያስቸግር ይብራራል። የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅራታም ኮከብ ከበረዶ፣ ከአቧራና ከድንጋያማ ቅንጣት የተሠራ፣ እንደ ፕላኔቶች ሁሉ ፀሐይን የሚዞር አነስተኛ አካል ነው። ጠጣሩ ክፍል አስኳል ይባላል፤ ስፋቱም አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች አያልፍም። ጆቶ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ማርች 14 ቀን 1986 በሃሌይ ጅራታም ኮከብ አጠገብ በ600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ስታልፍ ያነሣቻቸው ፎቶግራፎች፣ የዚህ አካል አስኳል 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 8 ኪሎ ሜትር ያህል ወርድ ያለው፣ ካረፈበት ብርሃን ከመቶ አራት እጅ ያህሉን ብቻ የሚመልስ እጅግ ጥቁር አካል መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ሰው በዐይኑ ጅራታም ኮከብ አየሁ ሲል ያየው አስኳሉን አይደለም፤ አስኳሉ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው ቀልጦ ውኃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጋዝ እየተለወጠ፣ አቧራውንም አብሮ እያነሣ የሚፈጥረውን፣ ኮማ የሚባለውን ሰፊ ጉም ነው። ኮማው ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሰፋ ይችላል፤ የፀሐይ ብርሃን ግፊትና ከፀሐይ የሚነፍሰው የቅንጣቶች ጅረት ከኮማው እየገፉ የሚወስዱት አቧራና ጋዝ ደግሞ ጅራቱ ነው። ፒተር አፒያን በ1531 እንዳስተዋለው ጅራቱ ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዘረጋል፤ በመሆኑም ጅራቱን አይቶ አካሉ ወዴት እንደሚጓዝ መናገር አይቻልም። ጅራታም ኮከብ ከፀሐይ ሲርቅ ጅራቱን አስቀድሞ ነው የሚሄደው።

ወደ መጀመሪያው ክፍል ሲገባ፣ ጅራታም ኮከብን መከታተል የሚጀምረው ርቀቱን ከመጠየቅ ነው። ከአርስቶትል ዘመን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ጅራታም ከዋክብት በአየር ውስጥ የሚቀጣጠሉ ትነቶች ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ይህ እምነት እስካለ ድረስ ምሕዋራቸውን ለማስላት መነሣት ትርጉም አልነበረውም። በ1577 ደማቅ ጅራታም ኮከብ ሲታይ ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ በራሱ ደሴት በቬን ሆኖ የለካውን ቦታ በፕራግ ከተለካው ጋር አነጻጸረ። አውራ ጣቱን ፊቱ ላይ አቁሞ አንዱን ዐይን በሌላው እየቀያየረ የጨፈነ ሰው ጣቱ ከጀርባው ካለው ግድግዳ አንጻር ሲዘዋወር ያያል፤ ጣቱን ባራቀው መጠን ደግሞ መዘዋወሩ ይቀንሳል። ጨረቃ ከሁለት ከተሞች ስትታይ ከኋላዋ ካሉት ከዋክብት አንጻር እንዲሁ ቦታ ትለውጣለች፤ ጅራታም ኮከቡ ግን ሊታወቅ የሚችል ለውጥ አላሳየም። ከዚህም ብራሄ አካሉ ከጨረቃ በብዙ እጥፍ እንደሚርቅ ደመደመ። ጅራታም ከዋክብት ከአየር ጠባይ ጥናት ወጥተው ወደ ፕላኔቶች ጎራ የገቡት በዚህ ልኬት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ቦታ የሚለካበት መንገድ ከብራሄ መሣሪያዎች እጅግ የረቀቀ ቢሆንም ሐሳቡ አልተለወጠም። በሰማይ ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል፤ እነዚህም ከመሬት ኬንትሮስና ኬክሮስ ጋር የሚመሳሰሉ የሰማይ መጋጠሚያዎች ናቸው። ታዛቢው በቴሌስኮፑ ላይ በተገጠመ ካሜራ ያንኑ የሰማይ ክፍል በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሥዕሎቹ ተደራርበው ሲታዩ ከዋክብቱ ባሉበት ሲቆዩ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ግን ከሥዕል ወደ ሥዕል በአንድ አቅጣጫ ትራመዳለች። ከዚያ በኋላ የዚህች ነጥብ ርቀት በዙሪያዋ ካሉትና ቦታቸው ጋያ በተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር በጥንቃቄ ከተመዘገቡት ከዋክብት ይለካል። መለኪያው የቅስት ሰከንድ ሲሆን፣ ይህም የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው፤ ጥሩ ልኬት ከአንድ የቅስት ሰከንድ ያነሰ ስሕተት ይኖረዋል። ሰዓቱ ከቦታው ባልተናነሰ ጥንቃቄ መመዝገብ አለበት፤ ለመሬት የቀረበ ጅራታም ኮከብ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ የቅስት ሰከንዶችን ሊጓዝ ስለሚችል፣ ሰዓቱ የተሳሳተ ልኬት ቦታው ከተሳሳተ ልኬት አይለይም።

ጅራታም ኮከብ ከሌሎች የሰማይ አካላት የተለየ አንድ ችግርም አለው። የምሕዋር ስሌት የሚፈልገው የአስኳሉን ቦታ ሲሆን ፎቶግራፉ የሚያሳየው ግን ኮማውን ነው። አቧራው ወደ ጅራቱ በኩል ስለሚከማች የኮማው የብርሃን መካከል ከእውነተኛው አስኳል ወደ ጅራቱ ያዘነብላል። ልምድ ያላቸው ታዛቢዎች ለዚህ ሲሉ ሰፊውን ጉም ትተው እጅግ ደማቋን ጠባብ ነጥብ ይለካሉ፤ እንዲህም ሆኖ ጥቂት ማዘንበል ሊቀር ይችላል። ልኬቶቹ ከመላው ዓለም የሚላኩት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በካምብሪጅ ከተማ ወደሚገኘውና በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ሥር ወደሚሠራው የአነስተኛ ፕላኔቶች ማእከል ነው፤ ባለሙያም ይሁን ለፍቅሩ የሚሠራ፣ የታዛቢው ልኬት በዚያ እኩል ይመዘናል።

ምሕዋርን ሙሉ በሙሉ ለመግለጽ ስድስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ሁለቱ መጠኑንና ቅርጹን፣ ሦስቱ በጠፈር ውስጥ ወዴት እንዳዘነበለና ወዴት እንደዞረ፣ አንዱ ደግሞ አካሉ ለፀሐይ እጅግ በሚቀርብበት ነጥብ፣ ማለትም በፔሪሄሊየን፣ የሚያልፍበትን ጊዜ ይናገራሉ። እያንዳንዱ ምልከታ ሁለት ቁጥሮችን ስለሚሰጥ በመርሕ ደረጃ ሦስት ምልከታዎች በቂ ናቸው፤ ጀርመናዊው ኦልበርስ በ1797 ያሳተመውም የጅራታም ከዋክብትን ምሕዋር በዚህ መንገድ የማስላት ዘዴ ነበር። በተግባር ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ የተሰበሰቡ ሦስት ምልከታዎች የምሕዋሩን ጥቃቅን ቁራጭ ብቻ ስለሚያሳዩ፣ ያን ቁራጭ ብዙ የተለያዩ ምሕዋሮች ሊጋሩት ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምሕዋሩ ፓራቦላ፣ ማለትም ዞሮ የማይገጥም ክፍት ኩርባ፣ ነው ተብሎ የሚታሰበው ለዚህ ነው። የምልከታው ዘመን ሲረዝም ብዙዎቹ እጅግ የተለጠጡ ሞላላ ምሕዋሮች መሆናቸው ይታወቃል።

እዚህ ላይ የቆዩ መዛግብት ዋጋ ጎልቶ ይታያል። አላን ሄልና ቶማስ ቦፕ ጁላይ 23 ቀን 1995 አንድ ጅራታም ኮከብ ባገኙበት ጊዜ አካሉ ገና ከጁፒተር ምሕዋር ውጪ ስለነበረ በሰማይ ላይ የሚያደርገው እንቅስቃሴ እጅግ አዝጋሚ፣ የመጀመሪያው ስሌትም ልል ነበር። ብዙም ሳይቆይ በአውስትራሊያ ኤፕሪል 27 ቀን 1993 በተነሣ የፎቶግራፍ መስታወት ላይ ያው አካል ማንም ሳያስተውለው ተመዝግቦ ተገኘ። ያቺ አንዲት ነጥብ የምልከታውን ዘመን ከሁለት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ስለሳበችው ምሕዋሩ በአንድ ጊዜ ጠበቀ፤ ፔሪሄሊየኑ ኤፕሪል 1 ቀን 1997 እንደሚሆንም ተረጋገጠ። መስታወቱን ያነሡትና ያስቀመጡት ሰዎች ስለዚህ አካል ምንም አያውቁም ነበር፤ ሥራቸውን በሥርዓት መዝግበው ማቆየታቸው ብቻ በቂ ሆነ።

ሁለተኛው ክፍል ስለ መዛነፍ ነው። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ በ1705 ባሳተመው ጥናት የ24 ጅራታም ከዋክብትን ምሕዋር በኒውተን የስበት ሕግ መሠረት አስልቶ ሲያነጻጽር፣ በ1531፣ በ1607ና በ1682 የታዩት ሦስቱ አንድ ዓይነት መንገድ የሚከተሉ ከመሆናቸውም በላይ ሦስቱም ከፕላኔቶች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ መሆናቸውን አየ፤ ከዚያም አንድ አካል ሦስት ጊዜ ተመላልሷል ሲል ደመደመ። ድምዳሜው አንድ እንቅፋት ነበረበት። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው መመለስ 76 ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ሲያልፍ፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ግን 75 ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ፀሐይን ብቻ የሚታዘዝ አካል ደግሞ ዑደቱን በአንድ ዓመት ሊለዋውጥ አይችልም። ሃሌይ ምክንያቱን በጁፒተር ጉተታ ላይ አኖረ፤ ቀጣዩ መመለስም በ1758 መጨረሻ አካባቢ እንደሚሆን ተናገረ። እሱ ራሱ በ1742 ስላረፈ የትንበያውን ፍጻሜ አላየም።

የሃሌይን ግምት ወደ ትክክለኛ ስሌት የለወጡት በፓሪስ የነበሩት አሌክሲ ክሌሮ፣ ዠሮም ላላንድና ኒኮል ሬን ለፖት ናቸው። ሦስቱ የጁፒተርና የሳተርን ጉተታ በጅራታም ኮከቡ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ያደረሰውን ለውጥ ደረጃ በደረጃ፣ በእጅ፣ ወራት በፈጀ ሥራ አሰሉ። ያገኙት ውጤት የጅራታም ኮከቡ መመለስ በጁፒተር ምክንያት 518 ቀን፣ በሳተርን ምክንያት 100 ቀን፣ በድምሩ 618 ቀን እንደሚዘገይ የሚያሳይ ነበር፤ ፔሪሄሊየኑንም በ1759 ኤፕሪል አጋማሽ ላይ አደረጉት። ዲሴምበር 25 ቀን 1758 በድሬስደን አቅራቢያ የሚኖር፣ ሥነ ፈለክን በራሱ ጥረት የተማረ ዮሐን ጌኦርግ ፓሊች የተባለ ገበሬ ጅራታም ኮከቡን በቴሌስኮፑ አገኘው፤ ፔሪሄሊየኑም ማርች 13 ቀን 1759 ሆነ። ስሕተቱ አንድ ወር ገደማ ነበር። ዩራነስና ኔፕቱን ገና ባልታወቁበት፣ የፕላኔቶች ክብደትም በትክክል ባልተለካበት ዘመን ከ76 ዓመት ጉዞ ላይ በአንድ ወር ብቻ መሳሳት የኒውተንን ሕግ ለተጠራጠሩ ሁሉ የማያዳግም መልስ ነበር። ይህ ሥራ በክሌሮ ስም ብቻ ሲነገር መኖሩና የለፖት ድርሻ ለረጅም ጊዜ ተገቢውን ቦታ አለማግኘቱ የሚያሳዝን ነው፤ ቁጥሮቹን በማስላት ከጧት እስከ ማታ ከደከሙት አንዷ እሷ ነበረችና።

የአንድ ወሩ ስሕተት በቂ መረጃ ባለመኖሩ ሊብራራ ይችል ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የመጣው መዛነፍ ግን በዚህ የሚፈታ አልሆነም። ጀርመናዊው ዮሐን ፍራንዝ ኤንኬ በ1786፣ በ1795፣ በ1805ና በ1818 በተለያዩ ሰዎች የተገኙት አራት ጅራታም ከዋክብት በእርግጥ በ3.3 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመለስ አንድ አካል መሆናቸውን አረጋገጠ፤ በ1822 እንደሚመለስ የተነበየውም በአውስትራሊያ ፓራማታ ከሚገኝ የምልከታ ጣቢያ ታየ። ኤንኬ ግን የፕላኔቶችን ጉተታ ሁሉ ካሰላ በኋላ አካሉ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቀድሞ እንደሚደርስ ተገነዘበ። ሁለት ሰዓት ተኩል ከ1200 ቀናት ጉዞ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ሆኖም በየዙሩ በአንድ አቅጣጫ የሚደጋገም ኢምንት በአጋጣሚ የመጣ ስሕተት ሊሆን አይችልም። ኤንኬ በጠፈር ውስጥ እንቅስቃሴን የሚገታ ስስ ነገር አለ፣ አካሉም ኃይሉን እያጣ ወደ ፀሐይ ይጠጋል፣ ምሕዋሩም ስለሚጠብ ቀድሞ ይደርሳል ሲል መላ ምት አቀረበ።

የኤንኬ መላ ምት ከፊሉን ያስረዳል እንጂ ሁሉን አያስረዳም፤ ምክንያቱም የሚገታ ነገር ካለ ሁሉም ጅራታም ከዋክብት መቅደም እንጂ መዘግየት አይችሉም። የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ደግሞ ዘገየ። ኮዌልና ክሮምሊን የተባሉት እንግሊዛውያን የ1910ን መመለስ በዘመኑ ወደር ባልነበረው ጥንቃቄ አስልተው ሳለ፣ ጅራታም ኮከቡ በፔሪሄሊየን ያለፈው ኤፕሪል 20 ቀን፣ ማለትም ከስሌታቸው ሦስት ቀን ገደማ ዘግይቶ ነበር። አንዱን የሚያስቀድም፣ ሌላውን የሚያዘገይ ኃይል ከውጭ ሳይሆን ከራሱ ከአካሉ መምጣት ነበረበት። ፍሪድሪክ ቤሰል የሃሌይን ጅራታም ኮከብ በ1835 ሲመለከት ከአስኳሉ ወደ ፀሐይ በኩል የሚፈነጥቁ የብርሃን ዘለላዎችን አይቶ፣ እንዲህ የሚወጣ ነገር አካሉን ወደ ኋላ ሊገፋው እንደሚችል በጊዜው ጽፎ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሰሚ አላገኘም።

በ1950 አሜሪካዊው ፍሬድ ዊፕል አስኳሉ ከአቧራ ጋር የተደባለቀ የበረዶ አካል ነው ብሎ ሲያቀርብ ሁለቱም ተቃራኒ መዛነፎች በአንድ ምክንያት ተፈቱ። አስኳሉ በራሱ ዛቢያ ላይ ስለሚሽከረከር፣ ፀሐይ የሚያገኘው ገጽ እጅግ የሚሞቀው በእኩለ ቀን ሳይሆን ከቀትር በኋላ ነው፤ በመሆኑም ጋዙ በርትቶ የሚወጣው ከፀሐይ አቅጣጫ ትንሽ ዞር ብሎ ይሆናል። የሚወጣው ጋዝ አስኳሉን በተቃራኒው ስለሚገፋው፣ የግፊቱ አንድ ክፍል አካሉን በጉዞው አቅጣጫ ወይም በተቃራኒው ይነዳዋል። አስኳሉ የሚሽከረከረው ፀሐይን በሚዞርበት አቅጣጫ ከሆነ ግፊቱ ወደ ፊት ይሆንና ምሕዋሩ ሰፍቶ አካሉ ይዘገያል፤ በተቃራኒው ከሆነ ምሕዋሩ ጠቦ አካሉ ይቀድማል። የኤንኬ ጅራታም ኮከብ መቅደም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀነሰ መምጣቱም የአስኳሉ ዛቢያ ቀስ በቀስ አቅጣጫውን ከመለወጡ ጋር ይያያዛል። ማንም ሰው ሳያየው፣ ከኮማው ውስጥ ተሸፍኖ ያለ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚሆን አካል ወዴት እንደሚሽከረከር በሰዓታት መቅደምና መዘግየት ብቻ መታወቁ፣ ቦታን ያለመታከት የመለካት ሥራ ካፈራቸው ውጤቶች ሁሉ ይልቃል። ዛሬ የረጅም ዘመን ምሕዋሮች ሲሰሉ ይህ የጋዝ ግፊት ከስበት ኃይል ጎን በራሱ ቁጥሮች ይገባል፤ በሃሌይ ጅራታም ኮከብ ላይ የሚያመጣው መዘግየት በእያንዳንዱ ዙር አራት ቀን ያህል ነው።

ሦስተኛው ክፍል ስለ ድምቀት ነው፤ አስኳሉን የሚገፋው ጋዝና የሚታየውን ብርሃን የሚሰጠው ጉም ከአንድ ምንጭ ስለሚወጡ ከላይ ከተባለው ይቀጥላል። ድምቀት የሚለካው ማግኒቲዩድ በሚባል መለኪያ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይጨምራል፤ በጨለማ ሰማይ ዐይን የሚያያቸው እጅግ ደብዛዛ ከዋክብት 6 ገደማ ሲሆኑ፣ ቬነስ እጅግ ስትደምቅ ከዜሮ በታች 5 ትጠጋለች። የአምስት ማግኒቲዩድ ልዩነት ልክ መቶ እጥፍ የብርሃን ልዩነት ነው፤ ይህን ደንብ ያስቀመጠው እንግሊዛዊው ፖግሰን በ1856 ነው።

ጅራታም ኮከብ ብርሃን ከመመለስ በቀር ምንም የማያደርግ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ የድምቀቱ ስሌት ቀላል በሆነ ነበር፤ ከፀሐይ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ የሚቀበለው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናልና። ነገር ግን ሲሞቅ ተጨማሪ ጋዝና አቧራ ስለሚያወጣ ብርሃን የሚመልሰው ጉምም አብሮ ይሰፋል። በተለመደው አካሄድ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምቀቱ 16 እጥፍ፣ ማለትም በሦስት ማግኒቲዩድ ያህል ይጨምራል፤ ለመሬት ያለው ቅርበት ደግሞ ለብቻው ይታሰባል። የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በሜይ 1910 ከመሬት በፀሐይና በመሬት መካከል ካለው ርቀት 15 በመቶ በሆነ ርቀት ስላለፈ ግርማው አስደናቂ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 1986 ፔሪሄሊየኑ ላይ ሲደርስ ግን ከፀሐይ ማዶ ስለነበረ ብዙዎች ሳያዩት አለፈ። በሁለቱም ጊዜ የመጣው ያው አካል ነው።

ችግሩ "የተለመደው አካሄድ" የሚባለው የብዙዎች አማካይ እንጂ የአንዱም ግዴታ አለመሆኑ ነው። ሉቦሽ ኮሆውቴክ በማርች 1973 በሃምቡርግ ያገኘው ጅራታም ኮከብ ገና ከጁፒተር አካባቢ ሳለ ደምቆ ስለታየ፣ ያ ድምቀት በደንቡ መሠረት ወደ ዲሴምበር መጨረሻ ሲሰላ የክፍለ ዘመኑ ታላቅ ትዕይንት ይሆናል ተባለ። አካሉ ግን ከፀሐይ ሥርዓት ጠርዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሳይሆን አልቀረም፤ እንዲህ ያለ አካል በገጹ ላይ ከውኃ በረዶ ይልቅ በአነስተኛ ሙቀት የሚተኑ በረዶዎችን ስለሚሸከም ገና ሩቅ ሳለ ይነቃል፣ እነሱ ሲያልቁም ግስጋሴው ይቀዘቅዛል። በዐይን የሚታይ ጅራታም ኮከብ ሆኖ ሳለ ከተጠበቀው እጅግ በማነሱ ስሙ በከንቱ ጠፋ። የ2007ቱ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ የሆልምስ ጅራታም ኮከብ ከፀሐይ እየራቀ በነበረበት በኦክቶበር ወር፣ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ17ኛ ወደ 3ኛ ማግኒቲዩድ ተወርውሮ፣ ግማሽ ሚሊዮን እጥፍ ያህል ደመቀ። ምሕዋሩ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ በስሌቱ መሠረት ነበር የሚጓዘው። ስበት የሚመለከተው የአካሉን ጠቅላላ ሁኔታ ሲሆን ድምቀት የሚወሰነው በላይኛው ስስ ገጽ ነው፤ ያ ገጽ የት ላይ በአቧራ እንደተሸፈነ፣ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ከመሬት ሆኖ የሚያውቅ የለም።

በቅርቡ የታየው፣ በቻይናው የሐምራዊ ተራራ የምልከታ ጣቢያና በደቡብ አፍሪካው አትላስ ቴሌስኮፕ በ2023 መጀመሪያ የተገኘው ጅራታም ኮከብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጁላይ 2024 አካሉ ሊበታተን ነው የሚል ትንበያ ወጥቶ ነበር፤ ሆኖም ሴፕቴምበር 27 ቀን ፔሪሄሊየኑን በሰላም አለፈ። በኦክቶበር ሁለተኛ ሳምንት በመሬትና በፀሐይ መካከል ሊባል በሚችል ቦታ ሲያልፍ፣ አቧራው የፀሐይን ብርሃን ወደ ፊት ወደ መሬት ስለበተነው፣ ፀሐይን ከምትከታተል መንኮራኩር ሲታይ ከዜሮ በታች ወደ 5 ማግኒቲዩድ ደረሰ፤ ከዚያም በምዕራብ ሰማይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዐይን ታየ። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ጅራታም ከዋክብት ለፀሐይ በሚቀርቡበት ጊዜ የሚገኙበት የሰማይ ክፍል ምሽት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የክረምቱ ደመና ካለፈ በኋላ፣ በተለይ እንደ እንጦጦ የምልከታ ማእከል ካለ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ፣ እንዲህ ያሉ አካላትን ለመከታተል ከአውሮፓ ከተሞች የተሻለ ዕድል አለ።

ድምቀትን በዐይን የመገመት ዘዴ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። ጅራታም ኮከብ የተንሰራፋ ጉም ስለሆነ ነጥብ ከሆነ ኮከብ ጋር በቀጥታ ሲነጻጸር ዐይን ይታለላል። ስለዚህ ታዛቢው ዐይኑ ጨለማን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ጅራታም ኮከቡን በባይኖኩላር አይቶ የኮማውን ስፋትና አማካይ ድምቀት በአእምሮው ይይዛል፤ ቀጥሎ ባይኖኩላሩን ማግኒቲዩዳቸው ወደሚታወቅ ከዋክብት አዙሮ፣ ከዋክብቱ ኮማውን የሚያህሉ ደብዛዛ ክቦች እስኪሆኑ ድረስ ማስተካከያውን ያዛባል። ለምሳሌ የተደበዘዘው ባለ 5.2 ኮከብ ከጅራታም ኮከቡ ጥቂት ቢደምቅ፣ ባለ 6.0ው ደግሞ በግልጽ ቢያንስ፣ ግምቱ 5.4 ይሆናል። ከሁለት በላይ ከዋክብትን መጠቀም ይመከራል፤ ሁሉም ከጅራታም ኮከቡ ጋር በተቀራረበ ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው፤ ለአድማስ የቀረበ ብርሃን በአየር ውፍረት ምክንያት አንድ ማግኒቲዩድና ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላልና።

ከግምቱ ጋር የመሣሪያው ስፋት፣ ማጉያው፣ የኮማው ስፋትና ወደ መካከሉ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ከ0 እስከ 9 በሚደርስ ደረጃ ይመዘገባሉ። የመሣሪያው ስፋት መመዝገቡ ለይስሙላ አይደለም፤ በትልቅ ቴሌስኮፕ ከፍ ባለ ማጉላት ሲታይ የኮማው ጠርዝ በሰማዩ ብርሃን ውስጥ ስለሚጠፋ፣ ያው ጅራታም ኮከብ በትልቁ መሣሪያ ደብዝዞ፣ በትንሹ ደምቆ ይገመታል። የአንድ ሰው ግምት በጥቂት ዐሥረኛ ማግኒቲዩድ መሳሳቱ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ በየአገሩ ያሉ ታዛቢዎች በየሌሊቱ የሚሰጡት ግምት በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ሲሰፍር የድምቀቱ ኩርባ ይወጣል፤ የውኃ በረዶው ከፀሐይ በስንት ርቀት እንደነቃ፣ አስኳሉ መቼ እንደተሰነጠቀ፣ አንዳንዴም መበታተን መጀመሩ ከዚህ ኩርባ ይነበባል። ካሜራዎች በበዙበት በዚህ ዘመን የዐይን ግምት ዋጋ ያልቀነሰበት ምክንያት፣ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት የተሰጡት ግምቶችም በዐይን የተገኙ ስለሆኑና የአንድን ጅራታም ኮከብ ሁለት ጉብኝቶች በሚገባ ለማነጻጸር ተመሳሳይ መለኪያ ስለሚያስፈልግ ነው።

የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ዛሬም ክትትል ላይ ነው። በማርች 2003 በቺሊ የሚገኙት የአውሮፓ ታላላቅ ቴሌስኮፖች ተቀናጅተው፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በፈጀ የፎቶግራፍ ሥራ፣ አካሉን ከፀሐይ በፀሐይና በመሬት መካከል ያለውን ርቀት 28 እጥፍ ያህል ርቆ ሳለ በ28ኛ ማግኒቲዩድ አገኙት፤ በዚያ ቅዝቃዜ ኮማ ስላልነበረው የተለካው የራሱ የአስኳሉ ቦታና ብርሃን ነበር። በዲሴምበር 2023 ከፀሐይ እጅግ የሚርቅበትን ነጥብ አልፎ መመለስ ጀምሯል፤ ፔሪሄሊየኑም ጁላይ 28 ቀን 2061 እንደሚሆን ተሰልቷል። በዚያ ጊዜ ከመሬት ጋር በአንድ ወገን ስለሚሆን ከ1986 የተሻለ እንደሚታይ የታወቀ ነው፤ ድምቀቱ ግን ከ1910ና ከ1986 መዛግብት በመነሣት ዜሮ ማግኒቲዩድ ገደማ ይሆናል ተብሎ የተገመተ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር በረዶው እንደገና መትነን ሲጀምር፣ በ2060 መጨረሻና በ2061 መጀመሪያ ገደማ በሚደረጉ ምልከታዎች ይታረማል።